የሐሙስና የቅዳሜ ቁጥሮች

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4

ዝናብ። የመድኃኒት ቤቱ የፊት በርና የጓሮ በር አንድ ላይ ተከፍተው ተገኙ። በዚህች ከተማ እምነት መሠረት ሁላችንም ልንሞት ነበር። በሁለት በር መሃል የሚያልፍ ነፋስ እዚህ ያልገደለው ሰው የለም፤ ሐኪሞች በሰነዱ ላይ ሌላ ስም ይጽፉለታል እንጂ። እኔንም ማጅራቴን ከያዘኝ ሳምንት አለፈኝ። ነፋሱ ነው።

የማክሰኞ ጠረጴዛ። ከመደርደሪያው ጀርባ ስምንት ወንበር፣ አንድ የደም ግፊት መለኪያ፣ አንድ የስኳር መለኪያ፣ ብዙ ክርክር። ከሴፕቴምበር ጀምሮ ስኳርና ደም ብዛት ያለባቸውን ደንበኞቼን ሰብስቤ አስተምራለሁ... ወይም ያስተማርኩ ይመስለኛል። የዛሬው ርእስ ጨው ነበር። የዳቦ ቤቱ ቲሆሚር እጁን አወጣ። ፋርማሲስት ስለሆንኩ ሁሉም ማጊስትራ ይለኛል።

«ማጊስትራ፣ በጨው የምናቆየው ጎመን ውሃው ግን መድኃኒት ነው፣ አይደል?»

«ማን አለ?»

«አባቴ ጠዋት ጠዋት አንድ ብርጭቆ ይጠጣ ነበር።»

«አባትህ በስንት ዓመቱ ሞተ?»

«በሃምሳ ሰባት።» ትንሽ አሰበ። «ግን እሱን ነፋስ ነው የገደለው።»

ጋሼ ስቬቶሊክ እንደ ልማዳቸው መዝገባቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት የባቡር ጣቢያችን ኃላፊ ነበሩ። ባቡሩ ከቀረ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነውም ለእሳቸው የቀረ አይመስልም። ግፊታቸውን በየቀኑ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአራት ደቂቃ ላይ ይለካሉ፤ የጠዋቱ ባቡር ያልፍበት በነበረው ሰዓት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን በትልልቅ ፊደል መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ። ትልልቅ የሆነው በሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ስላለ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ አንባቢ ናቸው። ሁለት ዓመት ሆናቸው ካላነበቡ። በቃላቸው ነው የሚወጡት፤ ገጹን ግን በሰዓቱ ይገልጣሉ። ሕዝቡ ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። ሆስፒታሉ ሞራውን ሊያነሳላቸው ሁለት ጊዜ ጠርቶ ሁለት ጊዜ መልሷቸዋል። ግፊታቸው ከመቶ ሰማንያ በላይ ሆኖ። ሦስተኛው ቀጠሮ ኤፕሪል 10 ነው። ያን ቀንም ከፍ ካለ ወደ ወረፋው መጨረሻ። ዓመት ከመንፈቅ።

«ያኔማ የምገልጠውን ገጽም አላየውም» አሉ ዛሬ ሲወጡ። እንደ ቀልድ ነው የተናገሩት። መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ትተውልኝ ሄዱ።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 5

መዝገቡን አነበብኩ። ካነበብኳቸው ልብ ወለዶች ከግማሹ ይሻላል፤ ባለታሪኩ አንድ ነው፣ አይዋሽም።

138። 140። 136። ከዚያ ድንገት 184። በማግስቱ 142፣ በማግስቱ 181። ከዚያ ሦስትና አራት ቀን ሰላም። እንደገና...

ቀኖቹን በእርሳስ ከበብኳቸው። ሐሙስ። ቅዳሜ። ሐሙስ። ቅዳሜ። ሳምንት ከሳምንት! ከገና በፊት ያሉት ስድስት ሳምንታት ብቻ በየቀኑ ከፍ ያሉ ናቸው፤ ብርዱ ነው ብዬ አለፍኳቸው።

የሆስፒታሉን ሁለት ቀጠሮዎችም ፈለግኋቸው። ኦክቶበር፣ ሐሙስ፣ 188። ዲሴምበር፣ ሐሙስ፣ 192። የዓይን ቀዶ ጥገና የሚሠሩት ሐሙስ ብቻ ነው። ኤፕሪል 10ም ሐሙስ ነው።

ደም ብዛት የሳምንቱን ቀን እንደሚቆጥር ማንም አላስተማረኝም። ምንድን ነው የሚያደርጉት ይሄ ሰውዬ ረቡዕና ዓርብ?

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 7

ቤታቸው ሄድኩ። ሰበቤ መለኪያውን ላይልዎት የሚል ነበር። ከጣቢያው አጠገብ፣ ከእህታቸው ከእትዬ ዳፊና ጋር ነው የሚኖሩት። እትዬ ዳፊና ትሪ ይዘው ወጡ፤ ማንኪያ ሙሉ ስላትኮ፣ ማለትም በስኳር የተቀቀለ እንጆሪ፣ ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር። ለእንግዳ ነው።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ስለ ስኳር የምሰብክ ሰው ነኝ።»

«ነይ እንጂ! ቤቴ ገብተሽ ይቺን አትቀምሺም? ምን አስቀየምንሽ?»

ዋጥኩ። ጣፋጭ ነበር፤ ይሄንን እዚህ ብቻ ነው የምጽፈው።

መለኪያው ደህና ነው። ምሳ ቀረበ። ዓርብ ስለሆነ የጾም ነው፤ ያለ ዘይት የተቀቀለ ባቄላ፣ ዳቦ፣ በጨው የተቀመጠ ጎመን፣ በጨው የተቀመጠ ቃሪያ፣ በጨው የተቀመጠ... ማንኪያው ራሱ በጨው የተቀመጠ ይመስላል። ከጎኑ የጎመኑ ውሃ በብርጭቆ።

«ረቡዕም እንዲሁ ነው የምትበሉት?»

«እንዴታ። ረቡዕና ዓርብ ሌላ ምን ይበላል?» አሉ እትዬ ዳፊና።

ረቡዕ ጨው፣ ሐሙስ ጠዋት ግፊት። ዓርብ ጨው፣ ቅዳሜ ጠዋት ግፊት። አገኘሁት!

እትዬ ዳፊና ከእራት በፊት ለወንድማቸው ጮክ ብለው ያነባሉ። ጋዜጣ፣ የቅዱሳን ገድል፣ የመድኃኒት ወረቀት። «የመድኃኒት ወረቀት?» ብዬ ሳቅኩ። «አንቺ አይደለሽ እስከ መጨረሻው አንብቡ ያልሽው?» አሉ። እውነት ነው። የሴፕቴምበር የመጀመሪያ ትምህርቴ ነበር። የሰማኝ ሰው መኖሩ ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 11

ጎመን ማጠብ አስተማርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁ ፋርማሲስት፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ በሳህን ውሃ ውስጥ። ጎመኑን ሁለት ጊዜ ማለቅለቅ፤ ውሃውን መድፋት፤ አለመጠጣት። ቲሆሚር ውሃው ሲደፋ ፊቱን አዞረ፤ የዘመድ ቀብር ይመስል።

ጋሼ ስቬቶሊክ ቃል ሰጡ። ከዛሬ ጀምሮ የጎመን ውሃ በቤታቸው የለም።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 18

ሐሙስ 139! ቅዳሜ 137!

መዝገቡን ለጠረጴዛው ሁሉ አሳየሁ። ጭብጨባ ተደረገ። ለዶክተር ሉቢንካም ስልክ ደወልኩ፤ ጤና ጣቢያ ያለች ጓደኛዬ ናት፣ የጋሼን ማዘዣ የምትጽፈው እሷ ነች። «በጎመን ነው ያዳንሽው? የኖቤል ኮሚቴውን ላሳውቅልሽ?» አለችኝ። ቅናት ነው።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 22

ሐሙስ 183። ዛሬ ጠዋት 180።

ጋሼ ራሳቸው መጥተው ነገሩኝ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ባርኔጣቸውን አውልቀው። ጎመኑ ታጥቧል፤ እትዬ ዳፊና አራት ጊዜ አለቅልቀውት ጎመን መሆኑን ረስቷል። ታዲያ ምንድን ነው? ያለፈው ሳምንት ረቡዕና ዓርብስ ለምን ደህና ሆነ? «ያ ከዐቢይ ጾም በፊት ረቡዕና ዓርብም የማይጾምበት ሳምንት ነው፤ ሥጋ በላን» አሉ። እና ሥጋ በልተው ደህና... ቅጠል በልተው 183?

እግረ መንገዳቸውን መድኃኒት ወሰዱ። «የስኳሩን ብቻ። የግፊቱ ገና አለኝ።» ቆጣቢ ሰው ናቸው።

ማጅራቴ ዛሬም። የጓሮውን በር አስጠገንኩ።

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ከዚህ በኋላ ምንም አላውቅም።

ያለፈው ሳምንት የአይብ ሳምንት ነበር። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ያለው፤ ሥጋ የለም፣ አይብና ወተት ግን ረቡዕም ዓርብም ይፈቀዳል። ጋሼ በሳምንቱ ውስጥ ምን ያህል አይብ እንደበሉ ጠየቅኳቸው።

«አንድ ኪሎ ተኩል።»

«የጨው አይብ?»

«ሌላ አይብ አለ እንዴ?»

ቁጥሮቹ፦ 138፣ 136፣ 139፣ 137፣ 138። አንድም ከፍታ የለም። በጨው አይብ የሚወርድ ደም ብዛት! የጨው ጽንሰ ሐሳቤን ከነጭብጨባው ቀበርኩት።

ሌላም ነገር። ያለፈውን በጋ መዝገብ አምጡልኝ ብያቸው ነበር። ጁን፣ ጁላይ፣ ኦገስት እንደ ሐዲድ ቀጥ ያለ ነው። ሐሙስም ቅዳሜም 140 አልዘለለም፤ ያኔም ረቡዕና ዓርብ ይጾሙ ነበር። የመጀመሪያው ከፍታ ሴፕቴምበር 19 ነው።

የመጀመሪያው የማክሰኞ ጠረጴዛ ሴፕቴምበር 17 ነበር።

ይሄን ሦስት ጊዜ አየሁት። ሰውዬው ደህና ነበሩ... ከዚያ እኔ ማስተማር ጀመርኩ። ምን አድርጌያቸው ነው?

ማክሰኞ፣ ማርች 11

ዐቢይ ጾም ከገባ ስምንት ቀን። አሁን ሐሙስና ቅዳሜ ብቻ አይደለም። በየቀኑ። 179፣ 184፣ 186፣ 185...

ከጣታቸው የሚለካው ስኳር ግን ጥሩ ነው። ስኳሩ ታዘዘ፣ ግፊቱ አመፀ። ሁለቱም መድኃኒት ከአንድ እጅ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃ... አይገባኝም።

ሉቢንካ ሁለተኛ የግፊት መድኃኒት ልጨምር ትላለች። አንድ ሳምንት ስጪኝ አልኳት። «ሠላሳ ቀን ነው የቀራቸው» አለችኝ፤ ዛሬ አልቀለደችም።

እትዬ ዳፊናም መድኃኒት ቤት ድረስ መጡ፤ ለብቻቸው። «ትናንት በሩን ስቶ ግድግዳውን ገፋ። ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም» አሉኝ። ለጠረጴዛው የሚከተለውን የቤት ሥራ ሰጠሁ፦ ማክሰኞ ስትመጡ በቤታችሁ ያለውን መድኃኒት ሁሉ በከረጢት ይዛችሁ ኑ። ሁሉንም፤ ሳትመርጡ።

ማክሰኞ፣ ማርች 18

የከረጢት ቀን። ከቲሆሚር ከረጢት የወጣው፦ የራሱ መድኃኒት፣ የሟች አባቱ መድኃኒት፣ የውሻው የትል ክኒን፣ አንድ ቁልፍ። ቁልፉን ሲፈልገው ሁለት ዓመት ሆኖታል። እቅፍ አድርጎ ሳመኝ።

የጋሼ ስቬቶሊክ ከረጢት በገመድ የታሰረ ነው። ሁለት ዓይነት መድኃኒት ብቻ። የስኳሩ ክኒን ፍሬዎች እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ልክ። የግፊቱን ከፈትኩ... ሙሉ ነው ማለት ይቻላል። ከሥሩም ያልተከፈተ ሌላ ካርቶን አለ።

«የግፊቱ ገና አለኝ።» እንዴት አልሰማሁትም? ሠላሳ አንድ ዓመት ጆሮዬ ላይ ሲጮህ የኖረ ቃል!

«ጋሼ፣ ይሄ ለምን ተረፈ?»

«የጾም ቀን ስላልዋጥኩት።»

«ለምንድን ነው የማይውጡት?»

«ወተት አለበት።»

ከካርቶኑ ውስጥ ወረቀቱን አወጡ፤ ስምንት ቦታ የታጠፈ፣ ዳርቻው ያለቀ። ከመጨረሻው ሁለተኛ አንቀጽ ላይ በቀይ እርሳስ ተሰምሮበታል። ክኒኑን ለማጠጠር የሚገባው የወተት ስኳር። መጠኑ ለጉንዳን ቁርስ አይሆንም፤ ግን ተጽፏል። የስኳሩ ክኒን ውስጥ የለም። ስለዚህ የስኳሩን በየቀኑ፣ የግፊቱን በፍስክ ብቻ። በአይብ ሳምንትማ ወተት ስለሚፈቀድ በየቀኑ ውጠዋል! ያን ሁሉ አይብ በልተው ግፊታቸው የወረደው ለዚህ ነው። እስከ መጨረሻው አንብቡ ያልኩትም እኔ ነኝ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ጾሜን ለመድኃኒት ቤት ሪፖርት ላድርግ?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ደግሞ አልጠየቅሽኝም። ስለ ጨው ጠየቅሽኝ፣ መለስኩ። ስለ አይብ ጠየቅሽኝ፣ መለስኩ። ዋጡት ወይ ብለሽ የጠየቅሽበትን ቀን ንገሪኝ።»

አልነበረም። መዝገብ የሚይዝ ሰው ክኒን ይዘላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ታዲያ እኮ በዚህ ምክንያት ነው ሆስፒታሉ የሚመልስዎት!»

ይሄኔ እትዬ ዳፊና ጣልቃ ገቡ። «ለዓይኑ ነው የሚጾመው፣ ማጊስትራ። ተስሏል። ዓይኔ ይመለስልኝ እንጂ አንዲት የጾም ቀን አላጎድልም ብሎ።»

ለዓይናቸው ይጾማሉ፤ ስለሚጾሙ ክኒኑን ይተዋሉ፤ ክኒኑን ስለተዉ ዓይናቸው ቀዶ ጥገና አያገኝም። ጣቢያ የሌለው ክብ ሐዲድ።

ረቡዕ፣ ማርች 19

አባ ኔስቶር ዘንድ ሄድኩ። ወጣት ካህን ናቸው፤ መሰላል ላይ ሆነው የቤተ ክርስቲያኑን አሸንዳ ያጸዱ ነበር።

«መድኃኒት ምግብ አይደለም። ማንም የሚያውቀው ነው» አሉኝ ከላይ።

«ለእሳቸው ይንገሩልኝ።»

ወርደው ነገሯቸው። ከሰዓት በኋላ ጋሼ ስቬቶሊክ በመስኮቴ በኩል አለፉ። ቆሙ። «አባ ነግረውኛል። ለደካሞች ፈቃድ አለ። እኔ ግን ደካማ አይደለሁም።» ዛሬ ጠዋት 187 የሆኑ ሰው!

አንድ ክፉ ሐሳብ መጣልኝ። ያንኑ ክኒን በሌላ ካርቶን ብሰጣቸውስ? «አዲስ ነው፣ ወተት የለውም» ብል? ዓይናቸው አያይ... አምስት ደቂቃ ያህል አሰብኩበት። የተውኩት በጽድቅ አይደለም፤ እትዬ ዳፊና እስከ መጨረሻው ስለሚያነቡ ነው። አይ፣ በጽድቅም ጭምር ይሁን። ትንሽ።

ሐሙስ፣ ማርች 20

ወረቀቶች ሳነብ ዋልኩ። ለእሳቸው የሚስማማውን መድኃኒት የሚሠሩ አሥራ አንድ ፋብሪካዎች ምርታቸው መደርደሪያዬ ላይ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሸጫቸዋለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቤያቸው አላውቅም። ይሄንንም እዚህ ብቻ።

ዘጠኙ ወተት አለባቸው። አንዱ እንክብል ነው፤ ቅርፊቱ ከበሬ አጥንት። አንዱ... አንዱ ብቻ! ወተት የለም፣ እንቁላል የለም፣ አጥንት የለም።

ለሉቢንካ ደወልኩ።

«ማዘዣውን ቀይሪልኝ። መድኃኒቱ ያው፣ ፋብሪካው ሌላ።»

«ምን ነካው የመጀመሪያው?»

«ፍስክ ነው።»

«ሃያ ስድስት ዓመት ሐኪም ነኝ» አለች። ከዚያ ጻፈች።

ጋሼ ካርቶኑን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ወተት የለበትም?» «የለበትም።» «በሥጋ ወደሙ...» ብዬ ልምል ስል «አትማዪ፣ ጾም ነው» አሉኝ። እዚያው ፊቴ ዋጡ።

ከሄዱ በኋላ ወረቀቱን እንደገና አየሁት። የመጨረሻው ቃል ስቴራት ይላል። ክኒኑ ማሽኑ ላይ እንዳይጣበቅ የሚገባ ቅባት ነው። ከዘንባባ ይሠራል፤ ከበሬ ሞራም ይሠራል። ከየትኛው እንደሆነ አልተጻፈም።

ለፋብሪካው በኢሜይል ጠየቅኩ።

ዋሸሁ? አልዋሸሁም። ስለ ወተት ተጠየቅኩ፣ መለስኩ። ስለ ሌላው አልተጠየቅኩም... ይሄን መልስ ከማን ነበር የሰማሁት?

ማክሰኞ፣ ማርች 25

174፣ 168፣ 163፣ 159። ይወርዳል። ፋብሪካው ዝም።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 1

146።

ወሬው ከተማውን ዞሯል። ሰዎች እየገቡ፣ ሌላ ደንበኛ እስኪወጣ ሳል እያስመሰሉ ይጠብቃሉ። «ማጊስትራ... ያ የጾም ክኒን የሚሉት... ለስኳርም አለ?» እስከ ዛሬ ስድስት ሰው። ስድስት! በየዓመቱ በዐቢይ ጾም የደም ብዛት የሚብሰው በነፋስ ነው ብለን ስንቀብር የኖርነው ስንቱን ይሆን?

አባ ኔስቶርም መጡ። በጓሮ በር።

«ለእናቴ ነው» አሉ።

«እናትዎ እኮ ደም ብዛት የለባቸውም፤ ባለፈው ወር ለክቻቸዋለሁ።»

ጣሪያውን አዩ። «ታዲያ ለማን እንደሆነ ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

ሰጠኋቸው። መድኃኒት ምግብ አይደለም፤ ማንም የሚያውቀው ነው።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 8

ፋብሪካው ዛሬም ዝም። ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ።

ጋሼ ስቬቶሊክ ለሐሙስ ሸሚዝ እንዳስተኮሱ ነገሩኝ። 141። አፌ ላይ መጣ። «ጋሼ፣ ሌላ አንድ ነገር አለ...» ልል ነበር። ብነግራቸው ነገ ይተዋሉ። ሐሙስ ግፊታቸው ይወጣል። ዓመት ከመንፈቅ ግድግዳ ሲገፉ...

ካልነገርኳቸው ደግሞ ስለታቸውን እኔ ልሆን እችላለሁ ያፈረስኩት፤ ሳያውቁ። የሰውን ዓይን ለማዳን የሰውን ስለት መስረቅ ይቻላል? ይሄን የሚያስተምር ክፍል አልተማርኩም።

አልነገርኳቸውም። መልካም ዕድል አልኳቸው። ማጅራቴ እንደ ድንጋይ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 10

መድኃኒት ቤት። አምስት ጊዜ ስልኩን አነሳሁ፤ አልጮኸም ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ እትዬ ዳፊና ደወሉ። ከሆስፒታሉ ኮሪደር፤ ኮሪደሩ ሁሉ እንዲሰማ እየጮኹ።

«መቶ ሠላሳ ዘጠኝ! ነርሷ ሁለት ጊዜ ለካችው! የድሮውን ፋይል አይታ ሌላ ሰው ነው የመጣው አለች!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አስገቡት። ቀኝ ዓይኑን።»

ለቲሆሚር ነገርኩት። ዳቦ ቤቱን ለአሥር ደቂቃ ዘጋ። በጾም ስለሆነ ከመዝጋት በቀር ሌላ መደሰቻ አልነበረውም።

እሑድ፣ ኤፕሪል 20

ፋሲካ። ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ ለማየት ያህል። ጋሼ ስቬቶሊክ ቆመው አነበቡ። በእርግጥ አነበቡ። እንዴት አወቅኩ? አንድ ቦታ ላይ ተሳሳቱ፤ ተመልሰው አረሙት። በቃላቸው ሲሉ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም ነበር።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 22

ጠረጴዛው ሞልቶ አምስት ወንበር ከፀጉር ቤቱ ተበደርን። ሁሉም በቀይ የተቀባ የፋሲካ እንቁላሉን ይዞ መጥቷል። እንቁላል ለእንቁላል ሲጋጭ ያልተሰበረለት ነው የሚያሸንፈው፤ ቲሆሚር ሁሉንም አሸነፈ። እንቁላሉ የእንጨት መሆኑ የተደረሰበት በሰባተኛው ሰው ላይ ነው።

ዛሬ ንግግር አላዘጋጀሁም። በተራ እየዞርኩ ጠየቅኩ፤ ካለፈው ማክሰኞ ወዲህ የትኛውን ክኒን ዘለላችሁ፣ ለምን? አንዷ ቀይ ቀለሙ ስለሚያስፈራት። አንዱ ቢራ በሚጠጣበት ቀን፣ እንዳይጣሉ ብሎ። ቲሆሚር ማታ ማታ፣ ምክንያቱም ማታ ስኳር የለብኝም ይላል። አንድ ሰዓት ፈጀ። ከሴፕቴምበር ወዲህ ካስተማርኩት የበለጠ ተማርኩ።

ሲበተኑ ጋሼ ስቬቶሊክን አስቀረኋቸው። ቀኝ ዓይናቸው ጠርቷል። ቡናማ ነው ለካ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ደብቄዎታለሁ። ክኒኑ ውስጥ ሌላም...»

«ስቴራት» አሉ።

ከደረት ኪሳቸው ፖስታ አወጡ። የፋብሪካው ማኅተም አለበት፤ ቀኑ ማርች 31።

«ዳፊና እስከ መጨረሻው ነው የምታነበው፤ አንቺ ነሽ ያስለመድሻት። በነጋታው ጻፍን። በአደራ ደብዳቤ፣ በቁጥር። በአሥራ አንደኛው ቀን መለሱ።» ደብዳቤውን ዘረጉና ራሳቸው አነበቡልኝ፤ ያለ ማጉያ፣ ሳይቸኩሉ፣ ከቀኑ እስከ ፊርማው። ከዘንባባ ዘይት ነው። ለሦስት ኢሜይሌ አንድ ቃል ያልመለሰ ፋብሪካ!

«መልሱ እስኪመጣ ግን ውጠውታል።»

«ውጬዋለሁ።»

«ለምን?»

«የሚያጠራጥር ነገር ካለ ትነግሪኛለሽ ብዬ።»

ጠረጴዛው ላይ የቀረውን የእንቁላል ቅርፊት ሰበሰብኩ።

«ፈርቼ ነው» አልኩ በመጨረሻ። «ቢተዉትስ ብዬ።»

«እተወው ነበር» አሉ። ደብዳቤውን አጥፈው መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። ተቆጥተው እንደሆነ አላወቅኩም። ከዚያ እጄን አዩት፤ ማጅራቴን እያሸሁ ነበር።

«አንቺስ መቼ ተለካሽ?»

«እኔ?»

«አንቺ።»

አሰብኩ። ሴፕቴምበር? አይ። ያ ለማሳያ ነበር፤ ቁጥሩን አላየሁትም። ከዚያ በፊት... ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

መለኪያውን ወደ እኔ ገፉት። አሰርኩት። 166/98። «ሹራብሽ ላይ ነው ያሰርሽው» አሉኝ። እውነት ነው፤ በየማክሰኞው የምቆጣበት ስሕተት። ሹራቤን አወለቅኩ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብለን ተቀመጥን፣ እንደገና። 163/98።

«ነፋሱ ነው» አልኩ።

መዝገባቸውን አውጥተው አዲስ ገጽ ገለጡ፤ አናቱ ላይ ስሜን ጻፉ። ቪዶሳቫ። በትንንሽ ፊደል፣ በቀጭኑ፣ ከመስመሩ ሳይወጡ። ቀኑን። ቁጥሩን። የግድግዳውን ሰዓት ከወንበራቸው ሳይነሱ አንብበው ሰዓቱን።

«ከነገ ጀምሮ አንድ ሰዓት ከአራት ላይ» አሉ። «እደውላለሁ።»